ከመቀየራችሁ በፊት ለኩ
ለአዲስ አበባ የጋራዥ ባለቤቶች፣ መካኒኮችና የመኪና ኤሌትሪሺያኖች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ



ባለፈው ክረምት አንድ የኮሮላ ባለቤት መኪናውን ይዞልኝ መጣ። ካምቢዮዋ አውቶማቲክ ነው። ማርሽ የምትቀይረው ዘግይታ፣ በኃይል እየመታች ነበር፤ ቆማም ሚኒሞዋ ከፍ ዝቅ ይላል። መጀመሪያ የሄደበት ጋራዥ «ካምቢዮው አልቋል» ብሎ ያገለገለ ካምቢዮ አስገዝቶታል። ሕመሙ አልለቀቀም። ቀጥሎ በኮምፒውተር ተነበበች፤ የቲፒኤስ ሴንሰር ኮድ ወጣና ሴንሰሯ ተቀየረች። አሁንም ያው ነው። የሴንሰሯን ሶኬት ነቅዬ ሳየው የኔጋቲቩ ሽቦ ጫፍ አረንጓዴ ዝገት በልቶታል። ሞተሩ ላቫጆ ላይ በግፊት ውኃ ሲታጠብ የገባ ውኃ ነው። ጫፉ ተጠርጎ ሽቦው በአዲስ ሲበየድ መኪናዋ ዳነች። ሰውየው ልጆቹን የሚያሳድገው በዚህችው መኪና ተሳፋሪ እያመላለሰ ነው፤ ለካምቢዮው የከፈለው ብድር ገና አላለቀም።

ይህ የአንድ ሰው ዕድል ብቻ ቢሆን ኖሮ ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። በየሰፈሩ እየሆነ ያለ ነገር መሆኑን እናንተም ታውቃላችሁ።

ቲፒኤስ ለኮምፒውተሩ የምትነግረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ትሮትል ቦዲው ውስጥ ያለው የአየር ክዳን ምን ያህል እንደተከፈተ። በአንድ ሽቦ 5 ቮልት ይመጣላታል፣ በሌላው ኔጋቲቭ ታገኛለች፣ በሦስተኛው መልሷን ትልካለች። እግር ከፔዳል ሲነሳ መልሱ ግማሽ ቮልት አካባቢ ነው፤ ፔዳሉ እስከ ወለል ሲረገጥ ወደ 4 ተኩል ይጠጋል። ኮምፒውተሩ ነዳጅ ሲመጥን ይህን ይሰማል፤ በአውቶማቲክ መኪና ላይ ማርሽ የሚቀየርበትን ጊዜም የሚወስነው ይህንኑ ሰምቶ ነው። የኮሮላዋ ኔጋቲቭ ሲደክም የመልሱ ቮልት ከሚገባው በላይ ወጣ። ኮምፒውተሩም ነጂው ፔዳሉን አጥብቆ የረገጠ መሰለውና ማርሹን አዘገየ። ካምቢዮው ምንም አልበደለም።

ስለዚህ ስክሪኑ ላይ ፒ0122 ወይም ፒ0123 ሲወጣ ማሽኑ «ሴንሰሩ ሞቷል» አላለም። ያለው «ምልክቱ ዝቅ ብሏል» ወይም «ከፍ ብሏል» ነው። ሽቦ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። 5 ቮልቱ ሳይደርስ ቀርቶ፣ ወይም ከዚያው 5 ቮልት የሚጠጣ ሌላ ሴንሰር ሾርት አድርጎ ይህችኛዋን አብሮ ጎትቷት ሊሆንም ይችላል። ይህን የሚለየው በእጃችን ያለው ቴስተር እንጂ የኮድ ማንበቢያው አይደለም።

ሥራው ረጅም አይደለም። ቁልፉን ከፍቶ ሞተሩን ሳያስነሱ፣ ከሶኬቱ ጀርባ በቀጭን መርፌ 5 ቮልቱንና ኔጋቲቩን ማረጋገጥ ነው። የሽቦውን ፕላስቲክ አትብሱት፤ በዚያች ቀዳዳ የገባ እርጥበት ለሚቀጥለው ዓመት ሌላ ብልሽት ያስቀምጣል። ከዚያ ባለ ኬብሉን ክዳን በእጅ ቀስ አድርጎ እየከፈቱ መልሱን መከታተል ነው። ቮልቱ ሳይዘል፣ ሳይወድቅ መውጣት አለበት። እዚህ ላይ ባለ ቀስቱ የድሮ ቴስተር ከዲጂታሉ ይሻለኛል፤ ቁጥር ሳይቀየር የሚያልፈውን ቅጽበታዊ መውደቅ ቀስቱ ያሳያል። በተለይ የክዳኑን የመጀመሪያ እንቅስቃሴ አትዝለሉት። በእኛ የትራፊክ መጨናነቅ የነጂው እግር ቀኑን ሙሉ የሚጫወተው እዚያ ላይ ስለሆነ የሴንሰሯ የካርቦን መንገድ ቀድሞ የሚያልቀው እዚያ ነው። ቮልቱ በሥርዓት እየወጣ ከሆነ ሽቦዎቹን ነቅነቅ እያደረጉ እንደገና ማየት ነው። ይህ ሁሉ አንድ ቡና ተፈልቶ እስኪቀዳ ድረስ ያልቃል።

ኬብል በሌላቸው አዳዲሶቹ መኪኖች ላይ ሁለት ሴንሰሮች እርስ በርስ እየተቆጣጠሩ ስለሚሠሩ በእነሱ ላይ ክዳኑን በጣት አትግፉት፤ ፔዳሉን እየረገጣችሁ በማሽኑ ላይ ተከታተሉ።

መለኪያው ሴንሰሯን ከፈረደባት ትቀየር፣ ማን ይከለክላል። በድሮዎቹ ቶዮታዎች ላይ ግን መግጠም ብቻ አይበቃም፤ ብሎኖቹን ላላ አድርጎ፣ ክዳኑ ሲዘጋ የሚኒሞ ምልክቱ በትክክል እንዲመጣ በስፔሶሜትር ማስተካከል አለ። ይህን ትቶ የክዳኑን ማቆሚያ ብሎን በማጥበቅ ሚኒሞውን ከፍ አድርጎ ማስረከብ፣ ወይም ባትሪ ነቅሎ የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራቱን አጥፍቶ «ተሠርቷል» ማለት ሰውን ማታለል ነው። ለዚህ ለስለስ ያለ ቃል አላገኘሁለትም። ያ ነጂ ነገ በአዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ የጭነት መኪና እየቀደመ ሳለ ፔዳሉን ሲረግጥ መኪናው እምቢ ሊለው ይችላል።

ለምን እንደማይለካ ሁላችንም እናውቃለን። መለዋወጫ ሱቁ ገዢ ላመጣለት መካኒክ ኮሚሽን ይሰጣል፤ ለመለካት ግን ማንም አይከፍልም። ደንበኛውም ጥፋት አለበት፤ «ምን ቀየርክና ነው የምከፍልህ» ይላል። ሶማሌ ተራ የተገዛ የኤሌትሪክ ዕቃ ደግሞ አንዴ ከተሸጠ አይመለስም፤ ስለዚህ የግምታችን ዕዳ ሁሌ የሚወድቀው በመኪናው ባለቤት ላይ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ ወደ ኤሌክትሪክ መኪና መሻገር ያልቻለ ሰው ያለችውን አሮጌ መኪና አቅፎ መኖር ግድ ሆኖበታል። እነዚህ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት በእጃችን ላይ ናቸው። ባለቤቶቻቸውም ኮፈኑ ሲከፈት ከእኛ ፊት በቀር የሚያነቡት ነገር የላቸውም።

የጋራዥ ባለቤቶች ሆይ፣ ከእናንተ የምጠይቀው ይህን ነው። ለምርመራ ዋጋ አውጡ፣ ግድግዳ ላይ ለጥፉት፣ ሳታፍሩ አስከፍሉ። ሠራተኞቻችሁ ከሱቅ የሚያገኙትን ኮሚሽን አስቀርታችሁ በሠሩት ምርመራ ልክ ክፈሏቸው። መካኒኮችና ኤሌትሪሺያኖች ደግሞ ዕቃ ግዛ ከማለታችሁ በፊት ባለቤቱን ጥሩና ቀስቱን አሳዩት፤ የለካችሁትን ቮልት ደረሰኙ ላይ ጻፉለት። የተነቀለውን አሮጌ ዕቃ በእጁ ስጡት። ለተለማማጆቻችሁም ከኮድ ማንበቢያው በፊት ቴስተር አስይዟቸው።


አንድ የመኪና ኤሌትሪሺያን