ከጉላት ይልቅ ስፋት፦ ለትንሹ ቴሌስኮፓችን የሚበጀው የዓይን ሌንስ የትኛው ነው?

ስለ ቴሌስኮፕ ሲወራ ከአብዛኛው ሰው አፍ ቀድሞ የሚወጣው ጥያቄ «ስንት ጊዜ ያጎላል?» የሚል ነው። ሻጮችም ይህን ስለሚያውቁ በካርቶኑ ላይ በትልልቅ አኃዝ የሚጽፉት ይህንኑ ነው። ለጀማሪዎች ከሚሸጡት ባለ ሌንስ ቴሌስኮፖች መካከል 70 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የፊት ሌንስና 700 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርቀት ያለው ዓይነት የተለመደ ነው። በሣጥኑ ላይ «525 ጊዜ ያጎላል» ተብሎ ቢጻፍ አያስደንቅም። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው ይህ ቁጥር በዲላም ሆነ በሌላው የጌዴኦ ዞን ለሚገኝ ሰማይ ተመልካች የማይጠቅም መሆኑን ነው። ጥቂት ገንዘብ ያለው ሰው ወይም የተማሪዎች ክበብ ገንዘቡን ሊያውል የሚገባው ሰፊ የሰማይ ክፍል በሚያሳይ አንድ ጥሩ የዓይን ሌንስ ላይ ነው ብለን እናምናለን።

የጉላት ስሌት

እንደሚታወቀው ባለ ሌንስ ቴሌስኮፕ ሁለት ዋና ክፍሎች አሉት። የፊት ሌንሱ ብርሃን ሰብስቦ ምስል ይፈጥራል። አይፒስ የሚባለውና ዓይናችንን የምናስጠጋበት ትንሹ የዓይን ሌንስ ደግሞ ያንን ምስል አጉልቶ ያሳየናል። ጉላቱ የሚገኘው የፊት ሌንሱን የትኩረት ርቀት ለዓይን ሌንሱ የትኩረት ርቀት በማካፈል ነው። ስለሆነም በ700 ሚሊ ሜትሩ ቴሌስኮፕ ላይ ባለ 4 ሚሊ ሜትር የዓይን ሌንስ ስንገጥም 175 ጊዜ ያጎላል። በመካከሉ ጉላትን በሦስት የሚያበዛ ባርሎው የተባለ ሌንስ ሲጨመር 525 ይሆናል። ሂሳቡ ትክክል ነው፤ የሚጎድለው ፊዚክሱ ነው። የአንድ ቴሌስኮፕ ጠቃሚ ጉላት ጣሪያ ከፊት ሌንሱ ስፋት በሚሊ ሜትር እጥፍ ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ለ70 ሚሊ ሜትር ሌንስ ጣሪያው 140 ገደማ ነው። ከዚያ በላይ የብርሃን ሞገድነት ራሱ ዝርዝሩን ስለሚያደበዝዘው የምናገኘው ትልቅና ጨለማ የሆነ ብዥታ ብቻ ነው።

ከዚህ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ሁለተኛው ጉዳይ ምድር የማትቆም መሆኗ ነው። በምድር መሽከርከር ምክንያት በሰማይ ወገብ አጠገብ ያለ ኮከብ በየሰዓቱ 15 ዲግሪ፣ በየደቂቃውም ሩብ ዲግሪ ያህል ይጓዛል። በ175 ጉላት የሚታየው የሰማይ ክፍል ከ0.3 ዲግሪ ስለማይበልጥ ኮከቡ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ብዙም አያልፍም። በ525 ከሆነ ግማሽ ደቂቃም አይሞላም። በአንጻሩ ባለ 32 ሚሊ ሜትር የዓይን ሌንስ በዚያው ቴሌስኮፕ 22 ጊዜ ብቻ ቢያጎላም 2.2 ዲግሪ ያህል ያሳያል፤ ኮከቡም ይህን ለማቋረጥ 9 ደቂቃ ገደማ ይወስድበታል።

ይህ ልዩነት ለብቸኛ ተመልካች የምቾት ጉዳይ ሊመስል ይችላል። በአንድ ቴሌስኮፕ ዙሪያ ሠላሳ ተማሪዎች በተሰለፉበት ምሽት ግን የፍትሕ ጉዳይ ይሆናል። በጠባቡ ሌንስ የመጀመሪያው ተማሪ ዓይኑን አስተካክሎ ሳይጨርስ ጁፒተር ከእይታ ይወጣል፤ ከኋላው ያለው የሚያየው ባዶ ጨለማ ነው። «አየሁ» ብሎ የሚሄደው ተማሪ አለማየቱን ለመናገር ያፈረ ሊሆን ይችላል። በሰፊው ሌንስ ግን አንድ ጊዜ የተስተካከለ ቴሌስኮፕ ሳይነካ ለብዙዎች ይደርሳል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው ሰፊ እይታ የአንዱን ድካም ለብዙዎች ያከፋፍላል።

የዲላ ኬክሮስ የሚለው

ቴሌስኮፑን ከሰማይ ጋር የሚያንቀሳቅስ ሞተር ያለው መቆሚያ መግዛት ይህን ችግር አይፈታምን? በመርህ ደረጃ ይፈታል። ለትምህርት በቆየንባቸው ሰሜናዊ አገሮች ሰሜን ኮከብ ከአድማስ ከፍ ብሎ ስለሚታይ የመቆሚያውን ዘንግ ወደ እርሱ ማነጣጠር ቀላል ነው። ዲላ ግን የምትገኘው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 6.4 ዲግሪ ላይ በመሆኑ ሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ የሚታየው በዚያው 6 ዲግሪ ገደማ ነው። ኮረብታ፣ የእንሰት ተክል ወይም የሰሜን ጭጋግ በቀላሉ ይጋርደዋል። ብዙዎቹ ርካሽ ኢኳቶሪያል መቆሚያዎችም ዘንጋቸው እስከዚህ ድረስ ዝቅ አይልም፤ ዝቅ ቢል እንኳ ሚዛን መጠበቂያው ክብደት ከእግሩ ጋር ይጋጫል። ስለዚህ ለእኛ የሚበጀው ወደ ላይና ወደ ጎን በእጅ የሚንቀሳቀስ ቀላል መቆሚያ ነው። በእጅ ለሚንቀሳቀስ ቴሌስኮፕ ደግሞ ስፋት ከሁሉ ይቀድማል።

ይኸው ኬክሮስ የሚሰጠን ጸጋም አለ። በበጋ ወራት ኦሪዮን ከራሳችን በላይ ያልፋል። ሰባቱ ከዋክብት በሰሜን በኩል ከፍ ብለው ይታያሉ። በየካቲት እኩለ ሌሊት ገደማም ከሰሜን 30 ዲግሪ ኬክሮስ ባሻገር ላሉ ተመልካቾች የማይወጣው የካሪና ኔቡላ በደቡብ 24 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል። የሰባቱ ከዋክብት ስብስብ ስፋት የጨረቃን ሦስት እጥፍ ያህል ነው፤ የካሪና ኔቡላም ወደ ሁለት ዲግሪ ይዘረጋል። እነዚህን በጠባብ ሌንስ መመልከት መስጊድን ወይም ቤተ ክርስቲያንን በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ነው። ድንጋዩ ይታያል፤ ሕንፃው ግን አይታይም።

ሁለቱ የስፋት ዓይነቶች

በገበያ ላይ «ሰፊ እይታ» የሚለው ቃል ሁለት ነገሮችን ያደባልቃል። አንደኛው በሌንሱ ውስጥ ስንመለከት መስኮቱ ለዓይናችን ምን ያህል ገላጣ ሆኖ እንደሚታይ ነው። ሁለተኛው በእውነት የምናየው የሰማይ ክፍል ስንት ዲግሪ እንደሆነ ነው። ሁለተኛው የሚገኘው የመጀመሪያውን ለጉላቱ በማካፈል ነው። በዚህም ላይ የማይታለፍ ገደብ አለ። የትናንሽ ቴሌስኮፖች የዓይን ሌንስ አንገት ውፍረት 1.25 ኢንች ወይም 31.7 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በውስጡ የሚያልፈው ምስል ስፋት ከ27 ሚሊ ሜትር ብዙም ሊበልጥ አይችልም።

ከዚህ የሚከተለው ውጤት ገዢዎችን ሊያስገርም ይችላል። መስኮቱ 50 ዲግሪ የሆነው ርካሹ ባለ 32 ሚሊ ሜትር ፕሎስልና መስኮቱ 68 ዲግሪ የሆነው ውዱ ባለ 24 ሚሊ ሜትር ሌንስ የሚያሳዩት የሰማይ ክፍል አንድ ነው፤ ሁለቱም 2.2 ዲግሪ ያህል ያሳያሉ። ውዱ የሚጨምረው የጉላትን ከፍታ ከ22 ወደ 29 ማድረሱና የሰማዩን ጀርባ በግማሽ ገደማ ማጨለሙ ነው። በዲላ ከተማ መብራት ሥር ለሚመለከት ሰው ይህ መጨለም ጥቅም አለው። ነገር ግን ገንዘብ ለቸገረው ሰው የመጀመሪያ ግዢ ሊሆን አይገባም።

ፕሎስል የተባለው ሌንስ የተሰየመው እ.ኤ.አ. በ1860 በሠራው የቪየና ባለሙያ በጌዮርግ ሲሞን ፕሎስል ነው። ለአፖሎ ጠፈርተኞች ሥልጠና የሚያገለግል የእይታ መሣሪያ ላይ ይሠራ የነበረው አሜሪካዊው አል ናግለር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ 82 ዲግሪ የሚያሳይ ሌንስ ለአማተሮች አቀረበ። ዛሬ 100 ዲግሪ የሚያሳዩም አሉ። ድንቅ ሥራዎች መሆናቸው አያጠራጥርም፤ ሆኖም የአንዱ ዋጋ ከትንሹ ቴሌስኮፕ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ደግነቱ የትኩረት ርቀቱ የፊት ሌንሱን ስፋት አሥር እጥፍ በሆነ ረጅም ቴሌስኮፕ ውስጥ ብርሃኑ ቀስ ብሎ ስለሚጠብ ቀላል ሌንስም እስከ ጠርዙ ድረስ ጥርት ያለ ምስል ይሰጣል። አምስት እጥፍ ብቻ በሆነው አጭር ቴሌስኮፕ ግን ርካሹ ሰፊ ሌንስ በጠርዙ ላይ ያሉ ከዋክብትን ክንፍ ያወጡ ያስመስላቸዋል።

እንግዲህ ምን እንግዛ?

ለ70 በ700ው ቴሌስኮፕ ምክራችን አጭር ነው። በመጀመሪያ ባለ 32 ሚሊ ሜትር ፕሎስል ይገዛ። ቀጥሎ ለፕላኔቶች 60 ዲግሪ ገደማ የሚያሳይ ባለ 10 ወይም 12 ሚሊ ሜትር ይጨመር። ገንዘብ ከተረፈ ብቻ ባለ 24 ሚሊ ሜትሩ ይከተል። «የሳተርን ቀለበት በ22 ጉላት ይታያልን?» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ተገቢ ነው። ለሳተርን 60 ወይም 70 ጉላት ያስፈልጋል፤ ሁለተኛው ሌንስ የተጠቀሰውም ለዚህ ነው። የጁፒተር አራት ጨረቃዎች ግን በ22ም ይታያሉ። አጭር የትኩረት ርቀት ያለው ፕሎስል ዓይንን እስከ ሽፋሽፍት ድረስ መጠጋት ስለሚጠይቅ መነጽር ለሚያደርጉ ተማሪዎች አስቸጋሪ መሆኑም አይዘንጋ።

ከሣጥኑ ውስጥ ፈጽሞ መወገድ ያለበት አንድ ነገር አለ። ይኸውም በዓይን ሌንሱ ላይ የሚጠመድ ጥቁር የፀሐይ መስታወት ነው። የፊት ሌንሱ የሰበሰበው ሙቀት በድንገት ሊሰነጥቀው፣ ዓይንንም በቅጽበት ሊያሳውር ይችላል። ለፀሐይ የሚያገለግለው በፊት ሌንሱ ላይ የሚገጠም ትክክለኛ ማጣሪያ ብቻ ነው።

ምንም ለመግዛት ለማይችሉም መንገድ አለ። በሥነ ሕይወት ቤተ ሙከራዎች ውስጥ ከአገልግሎት የወጡ ማይክሮስኮፖች ይገኛሉ። 10 የሚል ጉላት የተጻፈበት የማይክሮስኮፕ ዓይን ሌንስ የትኩረት ርቀቱ 25 ሚሊ ሜትር ነው። የአንገቱ ውፍረት 23.2 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከ31.7 ጋር የሚያገናኘው ቀለበት ያስፈልጋል፤ ይህንንም በቶርኖ ማሽን ማውጣት ለአንድ ባለሙያ ከባድ ሥራ አይደለም። በዚህ መንገድ 28 ጉላትና አንድ ዲግሪ ተኩል ያህል የሰማይ ስፋት ይገኛል። ከካርቶኑ ውስጥ ከመጣው የ4 ሚሊ ሜትር ሌንስ እጅግ የተሻለ ነው።

የተገዛውም ሆነ የተሠራው ሌንስ ጥበቃ ይፈልጋል። የጌዴኦ እርጥበት ለቡናና ለእንሰት በረከት ቢሆንም ለሌንስ ግን ሻጋታ ነው። ሌንሱን ከጫማና ከካሜራ ካርቶን ውስጥ ከሚገኙት እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ጋር በተከደነ ዕቃ ማስቀመጥ፣ አቧራውንም በነጠላ ጫፍ ከመወልወል ይልቅ በአየር ማራገፍ ዕድሜውን ያረዝመዋል።

እ.ኤ.አ. በ2004 የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ከተመሠረተና በ2015 የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ባለ አንድ ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖችን ይዞ ከተመረቀ ወዲህ ሥነ ፈለክ በአገራችን ስሙ ከፍ ብሏል። ሆኖም በዲላ፣ በይርጋ ጨፌ ወይም በቡሌ የሚኖር ተማሪ ሰማይን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያውቀው በትልቁ መሣሪያ አይደለም፤ እጁ በሚደርስበት ትንሽ ቴሌስኮፕ ነው። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ምድሩን ሊያይ ለሚመጣው እንግዳ በምሽት ሰማዩንም የሚያሳዩት የአካባቢው ተማሪዎች ቢሆኑ ምኞታችን ነው። ስለዚህ የትምህርት ክፍሎችና ክበቦች የሚቀጥለውን የግዢ ዝርዝር ሲያዘጋጁ «ስንት ጊዜ ያጎላል?» የሚለውን ትተው «በአንድ ምሽት ለስንት ሰው ያሳያል?» ብለው እንዲጠይቁ በአክብሮት እናሳስባለን።