የመሮ ምርጫና የሙያ ንቀት

«ባለሙያን የሚያስመሰግነው እጁ እንጂ መሣሪያው አይደለም» የሚለው አባባል በአንዳንድ የጥበብ መምህራን ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። ሲሰሙት የሠራተኛውን ክብር ያስጠበቀ ይመስላል፤ ሲመረምሩት ግን፣ ሠራተኛው በተገኘው ብረት ይጣጣር የሚለው የቆየ ንቀት አዲስ ልብስ ለብሶ የመጣ ሆኖ ይገኛል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሙያው መስደብን በዐዋጅ ከልክለው ነበር። ስድቡ ቢከለከልም ንቀቱ በዕቃ ግዥ በር ተመልሶ ይገባል።

በቶርኖ የእንጨት ሳሕን የሚቀርጸውን ሠልጣኝ መመልከት ይበቃል። እጀታው ቫርኒሽ የተቀባ አንድ ሣጥን ሙሉ መሮ በርካሽ ሲገዛ «ቁጠባ» ተብሎ ይመዘገባል። በሣጥኑ ውስጥ ያለው ሰፊ መሮ ግን ረጅም ዘንግ ለማድቦልቦል የተበጀ፣ ወደ እጀታው የሚገባው ጭራው የቀጠነ ነው። ሳሕን ሲቦረቦር ምላጩ ከመደገፊያው ርቆ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ የእንጨቱም ክር በያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ በጫፉ ይጋፈጠዋል። ያ ቀጭን ጭራ በዚህ ጊዜ ከተሰበረ፣ አደጋው የሚያርፈው በሠልጣኙ ላይ ነው። የእጅ ጥበብ ከዚህ አያድንም!

ለሳሕን የሚሆነው መሮ ከድቡልቡል ብረት የተፈለፈለ፣ ቦዩ ጥልቅና ልሙጥ፣ አንገቱ እስከ እጀታው ድረስ ወፍራም የሆነ ነው። ብረቱም ሃይ ስፒድ ስቲል የሚባለው፣ ቴይለርና ዋይት የተባሉ አሜሪካውያን በ19ኛው ምዕተ ዓመት መገባደጃ የደረሱበት፣ እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪስ ትርዒት የታየው ዓይነት ሊሆን ይገባል። እስከ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ቢግል እንኳ ጥንካሬውን አይለቅም። ተራው የካርቦን ብረት በመሳያው ድንጋይ ላይ አንዴ ሰማያዊ ከሆነ ስለቱ አለቀለት፤ ወይራን የመሰለ ጠንካራ እንጨት ሲገጥመውማ ፈጥኖ ይደነዝዛል።

ከአንድ ግንድ በርጩማ ጠርቦ የሚያወጣው የጅማ ባለእጅ ይህ ሁሉ መቼ አስፈለገው የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። እውነት ነው፤ የእሱ ብረት በምት እንጂ በሽክርክሪት ግለት አይፈተንም። ሆኖም እሱ ምላጩን መርጦ የያዘ ነው፤ ሣጥን ተገዝቶ አልታደለውም።

በሣጥኑ ዋጋ አንድ ጥሩ የ12 ሚሊ ሜትር መሮ ብቻ ቢገኝም እሱው ይገዛ። ማኅተሙም ብቻውን አይታመን፤ የካርቦን ብረት ድንጋይ ሲነካ ነጭና ቅርንጫፋማ ፍንጣሪ ይረጫል፣ ሃይ ስፒድ ስቲል ግን አጭርና ደብዛዛ ቀይ። ይህን ለይቶ የሚያውቀው ቶርኖ ላይ የቆመው ሰው ስለሆነ፣ የግዥ ኮሚቴው ወደ ገበያ ሲወጣ እሱን ትቶ መሄዱን ያቁም።