በኪስ የሚያዝ ዋሻ

ባለፈው ወር አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ጎረቤታችን የሆኑ አንድ አናጢ የልጃቸውን የእጅ ስልክ በመሐረብ ጠቅልለው ወደ ቤታችን መጡ። ቡናው ቀርቦ ገና አቦሉ ሳይጠጣ ስልኩን ፊታችን አኖሩና፣ «መምህር፣ ልጄ ዋሻ ገብቶ ቀርቶብኛል፤ እርስዎ ያውጡልኝ» አሉን። ነገሩ በመጀመሪያ አልገባንም ነበር። ኋላ እንደ ተረዳነው፣ ልጁ የ14 ዓመት ልጅና የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሲሆን፣ በስልኩ ውስጥ ባለች አንዲት ጨዋታ ተይዞ፣ እራት ሲቀርብ «አንድ ደርብ ብቻ ቀረኝ» እያለ፣ መብራት ሲጠፋም ከብርድ ልብሱ ሥር ሆኖ እየተጫወተ አባቱን ሲያስቸግር ኖሯል። «ሥዕሉንስ አይተውታል?» አሉን አባትየው፤ «ቆንጆ ነገር ቢሆን ባልገረመኝ። ይህ እኮ በመጥረቢያ የተጠረበ ነገር ይመስላል። በዚህ ውስጥ ምን ያያል?»

ከቁጣቸው ይልቅ ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ከልባችን ገባ። እውነቱን ለመናገር፣ በዚህ ዓምድ ላይ ስለ ስልክ ጨዋታ የምንጽፈውን ተግሣጽ ቀደም ብለን አስበን፣ መክፈቻውን ዐረፍተ ነገርም አዘጋጅተን ነበር። ዳሩ ግን ያላዩትን ነገር መንቀፍ ለመምህር አይገባምና፣ ልጁ በየምሽቱ አንድ አንድ ሰዓት ወደ እኛ እየመጣ ጨዋታውን ያስተምረን ዘንድ አባቱን ለመናቸው። እሳቸውም ለአንድ ሳምንት ፈቀዱ።

ጨዋታዪቱ «ሻተርድ ፒክስል ደንጀን» ትባላለች። «ደንጀን» ማለት በጥንት አውሮጳውያን ግንብ ሥር ያለ፣ እስረኛ የሚጣልበት ጨለማ ቤት ነው። ተጫዋቹ ከተዋጊ፣ ከአስማተኛ፣ ከሌባ፣ ከሴት አዳኝና እነዚህን ከመሳሰሉት አንዱን መርጦ ወደ ምድር ሥር ይወርዳል። መጀመሪያ የከተማ ፍሳሽ የሚያልፍበት ቦይ አለ፤ ቀጥሎ ወህኒ ቤት፣ ከዚያ ዋሻ፣ ከዚያም የድንኮች ከተማ፣ በመጨረሻም የአጋንንት አዳራሽ ይገኛል። እያንዳንዱ 5 ደርብ አለው፤ ደርቡም ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ታች ይቈጠራል። በየአምስተኛው ደርብ አንድ ብርቱ ጠላት መንገድ ዘግቶ ይጠብቃል። ከሁሉ በታች፣ በ26ኛው ደርብ፣ «የየንዶር አሸንክታብ» የሚሉት ዕቃ ተቀምጧል። አሸንክታብ የሚለው ቃል አንባቢዎቻችንን ቅር እንደሚያሰኝ እናውቃለን፤ እኛንም ቅር አሰኝቶናል። ነገር ግን ዕቃው ወደ ታች ለመውረድ የተገኘ ሰበብ መሆኑን ተመልክተን አልፈነዋል። ደግሞም ወደ እርሱ ለመድረስ የሚያሰጋን ነገር አልነበረም፤ በመጀመሪያው ምሽት በ3ኛው ደርብ ላይ አንድ ሸርጣን ገደለንና።

ይህ ዐይነት ጨዋታ ከእጅ ስልክ እጅግ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1980 ግድም በአሜሪካ አገር፣ በሳንታ ክሩዝ ባለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ይማሩ የነበሩ ማይክል ቶይና ግሌን ዊችማን የሚባሉ ሁለት ወጣቶች «ሮግ» የምትባል ጨዋታ ጻፉ፤ ቶይ ወደ በርክሌይ ከተዛወረ በኋላም ኬን አርኖልድ ሦስተኛ ሆኖ ተባበራቸው። በዚያን ጊዜ በዩኒቨርሲቲው የነበረው የኮምፒዩተር መስኮት 24 መስመር፣ በየመስመሩም 80 የፊደል ስፍራ ያለው፣ ፊደልና ቍጥር እንጂ ሥዕል የማያሳይ ነበር። ስለዚህ የዋሻውን ግድግዳ በሰረዝ፣ ወለሉን በነጥብ መሰሉት፤ ጀግናውን ዛሬ በኢሜይል አድራሻ መካከል በምናያት ክብ ምልክት አደረጉት፤ 26ቱን አውሬዎች ለ26ቱ የእንግሊዝኛ ፊደላት አከፋፈሏቸው። ዘንዶው «ዲ» የተባለው ፊደል ነበረ፤ የሌሊት ወፏም «ቢ» ነበረች። ጨዋታዪቱ ከበርክሌይ የዩኒክስ ሥርዐት ጋር ተያይዛ ወደ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በደረሰች ጊዜ ተማሪዎች ሌሊቱን ያነጉባት ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1981 በካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ተማሪዎች እንዲያውም በነርሱ ፈንታ ሮግን የሚጫወት ፕሮግራም እስከ መጻፍ ደረሱ። (እኛ ብዙ ዐይነት ተማሪ አይተናል፤ ጨዋታውን ሌላ እንዲጫወትለት የሚደክም ተማሪ ግን ገና አላጋጠመንም።) ከዚያ ወዲህ የሮግ ልጆችና የልጅ ልጆች ተባዙ። እ.ኤ.አ. በ2012 ኦሌግ ዶልያ የተባለ ሩስያዊ «ፒክስል ደንጀን»ን ለእጅ ስልክ ሠራ፤ በ2014 የጻፈውን ፕሮግራም ሰው ሁሉ እንዲጠቀምበት በነጻ ለቀቀው፤ በዚያው ዓመት ኤቫን ዴበንሃም በእርሱ ላይ ጀምሮ ልጁ የያዛትን ጨዋታ አወጣ፤ ዛሬም እየጨመረባት ነው።

እንግዲህ አባትየው «በዚህ ውስጥ ምን ያያል?» ላሉት የመጀመሪያው መልስ ይህ ይመስለናል፤ ልጁ የሚያየው በመስኮቱ ላይ የሌለውን ነው። አያታችን በምድጃ ዳር ተቀምጠው ስለ ጅብ ሲተርቱልን ጅቡን ሥለው አላሳዩንም። «በበሩ ሽንቁር አየ» ሲሉ ዐይኑን ያበራነው እኛ ነን፤ ስለዚህም ያ ጅብ እስከ ዛሬ ከእኛ ጋር አለ። የሮግ ዘንዶ አንዲት ፊደል ብቻ በነበረ ጊዜ የቀረውን አካሉን የሰጠው ተጫዋቹ ነበር። ብዙ ገንዘብ ፈሶበት የተሣለ ዘንዶ ግን ሁሉን ጨርሶ ስለሚመጣ ለተመልካቹ የሚሠራው ሥራ አያስቀርለትም።

ሁለተኛው ምክንያት ዋሻው በየጊዜው አዲስ መሆኑ ነው። ገበጣ ስንጫወት በየጕድጓዱ እኩል ጠጠር አድርገን እንጀምራለን፤ ዛሬም ነገም መጀመሪያው ያው ነው። በዚህች ጨዋታ ግን ክፍሉና መተላለፊያው፣ የዕቃውና የጠላቱም ስፍራ ተጫዋቹ ወደ ዋሻው በገባ ቍጥር በዕጣ እንደገና ይደለደላል። መድኃኒት ያለባቸው ብልቃጦችም ይገኛሉ፤ ቀለማቸው እንጂ ምንነታቸው አይታወቅም። ትናንት ቀይዋ ብልቃጥ ቍስላችንን ፈውሳ ነበርና ዛሬም አምነን ብንጠጣት እሳት ሆና አቃጠለችን። ልጁ ሣቁን መያዝ አቅቶት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። በቃል የሸመደዱት ነገር በዚያ አይጠቅምም፤ ባለው ዕቃ የሚቻለውን ማሰብ ግን ይጠቅማል።

ሦስተኛው ለእጅ ስልክ የሚስማማ ጠባይዋ ነው። ተጫዋቹ ካልተራመደ ጠላቱ አይራመድም፤ ሰይፉ በአንገት ላይ ተሰንዝሮ እንኳ ቢሆን ሰው እስኪያስብ ድረስ ይጠብቃል። ታክሲ ውስጥ ሆኖ «ወራጅ አለ» ብሎ፣ ስልኩን ኪሱ ከቶ፣ ማታ ካቆመበት ይቀጥላል። ኢንተርኔትም አትፈልግም፤ በአንድ አውራ ጣትም ትሠራለች። በትርፍ ደቂቃ ውስጥ የምትገባው እንግዲህ በዚህ በር ነው።

ዳሩ ግን ዋናው ነገር ሞት ነው። በሌሎች ጨዋታዎች የሞተ ጀግና ጥቂት ወደ ኋላ ተመልሶ ይነሣል። በዚህች ግን፣ በዋሻው ውስጥ አልፎ አልፎ ከምትገኝ አንዲት ዕቃ በቀር፣ የሞተ ሞተ፤ የለፉበት ሁሉ ይደመሰስና ከ1ኛው ደርብ እንደገና ይጀመራል። ይህ ሥርዐት ከሮግ ጀምሮ የመጣ ነው። በአራተኛው ምሽት ልጁ ሁለት ሰዓት ያህል የደከመበትን ተዋጊ በ13ኛው ደርብ ላይ ሲያጣ አየነው። የሚያለቅስ መስሎን ነበር፤ እርሱ ግን ጥቂት ዝም ብሎ መስኮቱን ተመለከተና አዲስ ጀመረ። «አያሳዝንህም?» ብለን ጠየቅነው። «ያሳዝናል፤ ግን እዚያ ስሞት የሚሰድበኝ የለም፣ መምህር» አለን። «ምን ገደለኝ ብዬ አስባለሁ፤ ከዚያ እንደገና እገባለሁ።»

ይህን ቃል ሰምተን ዝም ልንል አልቻልንምና ስለ ትምህርቱ ጠየቅነው። በሂሳብ ፈተና ከ100 38 አግኝቷል፤ ውጤቱም በክፍል ውስጥ ከታች ወደ ላይ በስም እየተጠራ ተነቧል፤ የእርሱ ስም ሦስተኛ ነበር። ፈተናውን የት እንደ ሳተው ግን እስከ ዛሬ ያሳየው ሰው የለም። ያን አስተማሪ ለመውቀስ አፋችንን ከከፈትን በኋላ መልሰን ዘጋነው፤ እኛም በማስተማር በኖርንበት ዘመን ከታች ወደ ላይ ስንጠራ ኖረናልና። በልጅነታችን ከየኔታ ዘንድ ስንቀጽል፣ ቀለም የሳተ ልጅ እስኪያቃናው ድረስ ወደ ኋላ እየተመለሰ ያንኑ ይለዋል እንጂ «ወድቀሃል» ተብሎ አይሰናበትም ነበር። ኵርኵም ነበረ፤ ይህን አንደብቅም። ነገር ግን ስሕተቱ የት እንዳለ ሳይነገረው የሚያድር ልጅ አልነበረም።

የጨዋታዋን መልካምነት ብቻ ተናግረን ብናቆም ግን አንባቢን እናታልላለን። ሐሙስ ማታ ልጁ ከሄደ በኋላ ብቻችንን ልንሞክር ስልኩን አንሥተን በምሽቱ 4 ሰዓት ጀመርን። ደረጃ የሚገኘው በደርቡ መጨረሻ ነው፤ ደረጃውን ሲያገኙት ደግሞ የሚቀጥለው ደርብ ወዲያው ከእግር በታች ነው። «አንድ ደርብ ብቻ» የሚለውን የልጁን ቃል እኛም ስንደጋግመው ራሳችንን ሰማን። ቀና ብንል ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሆኗል፤ ሊታረሙ የሚገባቸው 43 የፈተና ወረቀቶችም እንደ ተከመሩ ናቸው። ባለቤታችን ከመኝታቸው ተነሥተው፣ «ልጁን ሊያወጡ ብለው እርስዎም ገቡ?» አሉን። በማግሥቱ ወረቀታቸውን ለጠየቁን ተማሪዎች ምክንያቱን አልነገርናቸውም። ይህን የምንናገረው ዛሬ ነው።

ይህ ኃይል ከወዴት እንደሚመጣ ሊቃውንቱ መርምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1957 ቢ. ኤፍ. ስኪነርና ቻርልስ ፈርስተር የሚባሉ አሜሪካውያን ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳሳዩት፣ ርግብ ቍልፉን በምንቃሯ በመታች ቍጥር እህል ከሚሰጣት ይልቅ፣ መቼ እንደሚሰጣት ሳታውቅ አንዳንድ ጊዜ ብቻ ቢሰጣት አብዝታ ትመታለች፤ እህሉ ከቀረ በኋላም ቶሎ አትተውም። ያልታወቀችው ብልቃጥና ያልተከፈተው ሣጥን ለእኛ እንደዚያ እህል ናቸው። ልዩነቱ እህሉን የሚሰጠው ሰው በሚፈልገው ነገር ላይ ነው። ልጁ የያዛት ጨዋታ፣ እርሱ በሚጠቀምበት በአንድሮይድ ስልክ ላይ፣ በነጻ የምትገኝ ናት፤ ማስታወቂያም የለባትም። በመልክ እርሷን የሚመስሉ ሌሎች ግን አሉ፤ ጀግናው ሲሞት «ክፈልና ይነሣ» የሚሉ፣ ምን እንዳለበት የማይታወቅ ሣጥንም በእውነተኛ ገንዘብ የሚሸጡ። እ.ኤ.አ. በ2018 የቤልጅግ የቁማር ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለውን በገንዘብ የሚሸጥ ሣጥን ቁማር ነው ብሎ ፈርዶበታል። ወላጆች ሆይ፣ የልጃችሁን ስልክ ስትመለከቱ ከሥዕሉ አስቀድማችሁ ይህን መርምሩ።

የዓለም የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ ከመጠን ያለፈ የጨዋታ ልማድን አስገብቶታል። ምልክቶቹም ጨዋታውን ለመግታት አለመቻል፣ ከሌላው የኑሮ ጉዳይ ሁሉ ማስቀደም፣ ጉዳት እያመጣም መቀጠል ናቸው፤ ይህም ነገር ኑሮን እስኪያናጋ ደርሶ ዘወትር ቢያንስ 12 ወር ያህል ሲታይ ነው በሽታ የሚባለው። አናጢው ይህን በሰሙ ጊዜ ጥቂት ተነፈሱ። ልጃቸው ጨዋታውን የያዘው ከሁለት ወር ወዲህ ነው፤ ኳሱንም አልተወም፤ እናቱን ውሃ መቅዳትም ያግዛል። የተበላሸው እንቅልፉና ሂሳቡ ነው።

ስለዚህ ከአባትና ከልጅ ጋር ተቀምጠን ተነጋገርን። ከእራት በኋላ ስልኩ ከልጁ ዘንድ እንዳያድር ተስማሙ። በዚያው የሂሳቡን ወረቀት አስመጣንና ያን ጊዜ ሳናስበው «እዚህ ላይ ምን ገደለህ?» ብለን ጠየቅነው። ልጁ ቀና ብሎ አየን፤ ከዚያም ወረቀቱን ወደ ራሱ ስቦ፣ «የመቀነስ ምልክቱን ረስቼ» አለ። ወደ ሁለተኛው ስሕተትም ራሱ ሄደ። ከ38ቱ ውጭ ከነበሩት 62 ማርኮች አብዛኞቹ የጠፉት በሁለት ዐይነት ስሕተት መሆኑን በዚያች ምሽት አየን። እኛም የዘገዩትን 43 ወረቀቶች ለየተማሪው በእጁ ሰጠን እንጂ ስም አልጠራንም።

ባለፈው እሑድ አናጢው እንደገና መጡ። ልጁ የሂሳቡን ወረቀት በየማታው እንደሚያወጣ፣ ስልኩም ከመጋዝና ከመዶሻ ጋር በሣጥናቸው ውስጥ እንደሚያድር ነገሩን። ሦስተኛው ቡና እስኪወርድ ድረስ ስለ እንጨት ዋጋ ስንጫወት ቆየንና፣ ሊነሡ ሲሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «መምህር» አሉን፤ «ያ ሸርጣን እኔ አንድ ስራመድ እርሱ ሁለት የሚራመድ መሰለኝ።»

«በር ላይ ቆመው ይጠብቁት» አልናቸው።