ውሃ አትከልክሏት፤ ሐኪም ዘንድ አድርሷት

በሰፈራችሁ ከወለደች ወዲህ ገበያም፣ ለቅሶም፣ ቤተ ክርስቲያንም ሆነ መስጊድ መሄድ ያቆመች ሴት ካለች፣ በዚህ ሳምንት አንዲት የምታምናት ሴት ለብቻዋ ቀርባ ትጠይቃት፤ «ሽንትሽን መቆጣጠር ያስቸግርሻል?»

ምጥ ቀናት ሲፈጅ የሕፃኑ ጭንቅላት የእናቲቱን የሽንት ፊኛ ከዳሌዋ አጥንት ጋር አጣብቆ ይጫነዋል። ደም ያጣው የፊኛዋ ሥጋ ሞቶ ሲረግፍ ቀዳዳ ይቀራል፤ ሽንቱም በብልቷ በኩል ሌት ተቀን ይፈስሳል። ፊስቱላ ይሉታል። እርግማን የሚሉትን አትስሟቸው።

ይህ ሕመም ይታከማል። አብዛኛውን ጊዜ ሆድ ሳይከፈት፣ ከወገብ በታች በሚያደነዝዝ መርፌ፣ ሐኪሙ በብልቷ በኩል ገብቶ ፊኛውን ይሰፋዋል። ስፌቱ እስኪጠግ ሽንቷ ለሁለት ሳምንት ያህል በካቴተር (በቀጭን የሽንት ቱቦ) ይወርዳል። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ላይ በከፈቱት የፊስቱላ ሆስፒታል ሕክምናው በነፃ ነው፤ በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱም ቅርንጫፎች ተከፍተዋል።

ነገር ግን ጊዜ ወሳኝ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከደረሰች፣ ቀዳዳውም ትንሽ ከሆነ፣ ያለ ቀዶ ሕክምና በካቴተር ብቻ ሊደፈን ይችላል። አዋላጆች ሆይ፣ ምጧ የተራዘመባትን እናት ሽንቷን ሳታዩ ወደ ቤቷ አትሸኟት። ፊኛው ክፉኛ ካለቀ ደግሞ ጥገናው ይከብዳል፤ አንዳንዶቹ ሽንታቸው በሆዳቸው በኩል ወጥቶ ከረጢት ውስጥ እየተጠራቀመ መኖር ግድ ይሆንባቸዋል።

እኔን ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ጥሙ ነው። ሽንቷ እንዲቀንስ ብላ ውሃ መጠጣት ትተዋለች፤ ቤተሰብም «አትጠጪ» ይላታል። ሽንቱ ግን አይቆምም፤ ይወፍርና ጭኗን ያቃጥላታል፣ ቆዳዋን ይልጠዋል፣ ፊኛዋም ውስጥ ጠጠር ሊሠራ ይችላል። ሕክምና እስክታገኝ በደንብ ትጠጣ፤ ገላዋን የምትታጠብበት ውሃም ቅዱላት።

ባል፣ ወንድም፣ አማት፣ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ተነጋግራችሁ ሪፈር አጽፉላት፤ ብቻዋንም አትላኳት። ውጭ አገር ያላችሁም ቤተሰብ ጋ ስትደውሉ ይህንኑ ጠይቁ፤ እንዲህ ያለች ሴት ካለች የእሷንና የአስታማሚዋን የመኪና መሳፈሪያ ላኩ።

ድና ስትመለስ ባሏም እናቷም አንድ ነገር ይወቁ፦ ዳግም ካረገዘች ክትትሏን ሳታቋርጥ፣ ምጥ ሳይጀምራት ሆስፒታል ትግባና በኦፕራሲዮን ትውለድ።