ጠጅ የሌለበት ብርሌ

ለዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ስለ ሙዚቃ እንድንጽፍ በተጠየቅን ጊዜ ሦስት ዕጩ መምህራን ጽፈን አቀረብን። ጽሑፎቹ ጎን ለጎን ሲታዩ ሦስቱም የጀመሩት ሙዚቃ የነፍስ ምግብ ነው በሚለው አባባል ሆኖ ተገኘ። የባሰው ደግሞ አንዳችን የሼክስፒር፣ አንዳችን የፕላቶ፣ ሦስተኛችን «የአንድ ታላቅ ፈላስፋ» ብለን መጻፋችን ነው። በመጀመሪያ ሳቅን፤ ኋላ ግን አፈርን።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝኛ የሚጽፉ የሙዚቃ ጋዜጠኞች ስለ ሙዚቃ መጻፍን ስለ ሕንፃ ከመጨፈር ጋር የሚያመሳስል አንድ አባባል አላቸው፤ ደጋግመው ስለጠቀሱት ተሰልችቷል። እንግሊዛዊው ዘፋኝ ኤልቪስ ኮስቴሎ እ.ኤ.አ. በ1983 ለአንድ መጽሔት በሰጠው ቃለ ምልልስ ስለ ተናገረው ብዙዎች የእሱ ያደርጉታል። ነገር ግን በ1979 የአሜሪካዊው ቀልደኛ የማርቲን መል ነው ተብሎ ታትሞ ነበር። ለፍራንክ ዛፓ የሚሰጡትም አሉ፤ ለቴሎኒየስ መንክ የሚሰጡትም እንዲሁ። ደግሞ እኮ የአባባሉ መልእክት ስለ ሙዚቃ መጻፍ ከንቱ ነው የሚል ነው! ታዲያ ጽሑፍን በእሱ መጀመር ምን ይሉታል? የጥቅሱን ባለቤት ያላጣራ ጸሐፊስ ዘፈኑን በደንብ አዳምጦታል ብሎ ማን ይመነው?

«ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ሲባል አድገናል፤ ስለዚህ ጥቅስ ፈጽሞ አይነካ አንልም። ግን ጠጅ የሌለበት ብርሌ ለእንግዳ ይቀርባል እንዴ?

ባለፈው የክበባችን ምሽት አንድ ጓደኛችን ክራሩን ከትዝታ ወደ ባቲ ቅኝት ለመለወጥ አውታሮቹን ሲያጠብቅና ሲያላላ ሁላችንም በጸጥታ ተመልክተናል። ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ አውታር ብቻ ያለው ማሲንቆ ያን ሁሉ ድምፅ ከየት እንደሚያመጣው እየተገረምን ነው ከአዳራሹ የወጣነው። ከሦስታችን ግን ይህን የጻፈ አንድም አልነበረም። ለምን ቢባል፣ የራሳችን ቃል ያነሰ መሰለና። ትልቅ ስም ብናስቀድም መምህሮቻችን የሚያከብሩን መሰለን።

ነገ እኛም መምህራን ነን። አንድ ተማሪ በሰፈሩ ስለ ሰማው የሠርግ ዘፈን ድርሰት ሲጽፍ በማያውቀው ፈላስፋ ቃል ቢጀምር፣ «ጎበዝ» ብለን እንለፈው ወይስ «አንተስ ምን ሰማህ?» ብለን እንጠይቀው? ራሳችን ያልመለስነውን ጥያቄ ልጁን ልንጠይቀው አንችልም።

ስለዚህ ሦስቱን ጽሑፎች መልሰን ወስደናል። ለሚቀጥለው እትም የሰማነውን ብቻ፣ በራሳችን ቃል ጽፈን እናቀርባለን። ቢያንስም የእኛ ይሆናል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?