የአሮጌው ላንድሮቨር ቀለም

ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ ስለ ማረሻ ዝገት ጽፈን ነበር። ዛሬም ከብረት አንወጣም። ወሬያችን ግን ስለ መኪና ነው።

በምናስተምርበት ቀበሌ ያለው የኅብረት ሥራ ማኅበር አንድ አሮጌ ላንድሮቨር አለው። እህል ወደ ገበያ ያመላልሳል። ወላድ ምጥ ሲጠናባትም ወደ ጤና ጣቢያ ያደርሳል። ቀለሙ ግን እንደ እባብ ቆዳ ተልጦ አልቋል። ጋራዥ ቢጠየቅ ለቀለም የተጠራው ዋጋ ማኅበሩ ለዘር ካስቀመጠው ገንዘብ በለጠ። በስብሰባው ላይ ከማታ ተማሪዎቻችን አንዱ እጃቸውን አነሡ። ሽማግሌ ገበሬ ናቸው።

«ቀለሙን ሙልጭ አድርገን ብንፍቀውስ? ብረቱ ራሱ ያበራ የለም እንዴ? የኔ ማረሻ ከእርሻ ሲወጣ እንደ መስታወት ነው» አሉ።

እኛ ቸኩለን መለስን። «አይሆንም አባባ። ማረሻዎ የሚያበራው አፈሩ ዕለት ዕለት ስለሚያሸው ነው። ሥራ ፈትቶ ጥግ ሲቀመጥ ይዝግ የለም? መኪናውም ያው ነው» አልን። ስለ ብረት የተናገርነው ልክ ነው። ስለዚያ መኪና ግን ተሳስተን ነበር።

ሽማግሌው በማግስቱ ከተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት ይዘው መጡ። ኮፈኑ ላይ አስጠጉት፤ ወደቀ። ፓራፋንጎው ላይ አስጠጉት፤ ወደቀ። ጣሪያው ላይም አልያዘም። ማግኔት እንዲህ ያለውን ብረት ይይዛል፤ አሉሚኒየምን አይዝም። ቆመው ይመለከቱ የነበሩ አንዲት እናት «ታዲያ ይሄ ድስቴ ነዋ!» አሉ። እውነታቸውን ነው።

ላንድሮቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው በ1940 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር 1948) በሆላንድ አገር፣ በአምስተርዳም ከተማ ነው። ሠሪዎቹ እንግሊዞች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገና መውጣታቸው ነበር። በአገራቸው ብረት እጥረት ስለነበረ በልክ ይታደል ነበር። አሉሚኒየም ግን በቀላሉ ይገኝ ነበር። ስለዚህ የመኪናውን ልብስ ከአሉሚኒየም አበጁት። አጥንቱን፣ ማለትም ሻንሲውን፣ ከብረት ሠሩት።

ልዩነቱ ምንድን ነው? ብረት ውሃና አየር ሲያገኘው ይዝጋል። ዝገቱ ይረግፋል። ከሥር ያለው ብረት ደግሞ በተራው ይዝጋል። እንዲህ እያለ ይበሳል። አሉሚኒየምም አየር ሲያገኘው ቆዳ ያወጣል። ያ ቆዳ ግን በዓይን የማይታይ ስስ ነው፤ አጥብቆ ስለሚይዝ አይረግፍም። ከሥር ያለውን ይጠብቃል። መኪናው ይደበዝዛል እንጂ እንደ ብረት ቶሎ አይበላም።

ሥራው በጥር ተጀመረ። መጀመሪያ ሽማግሌው ጠመኔ ከእጃችን ተቀበሉ። ማግኔቱ በያዘበት ላይ «ብ» ጻፉ፤ በወደቀበት ላይ «አ» ጻፉ። ከ«አ» ላይ ቀለም ይፋቃል፤ «ብ» አይነካም ተባለ። በሞተሩና በሾፌሩ መካከል ያለው ግድግዳ፣ ሻንሲውና የበሮቹ አጥንት «ብ» ሆኑ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቀን እንናገር። አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። እርሳስ ስንል የምትጽፉበት አይደለም፤ ከባዱና መርዛማው ማዕድን ነው። አቧራው ሲገባ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ለነፍሰ ጡርም አደገኛ ነው። ስለዚህ ቀለሙን በደረቁ አልፋቅንም፤ በሳሙና ውሃ እያራስን ፋቅን። አፍንጫን በጨርቅ መሸፈን ብቻውን አይበቃም። ልጆች እንዲርቁ ተደረገ። ፍቅፋቂው በሸራ ላይ ተሰበሰበ እንጂ ወደ ወንዝ አልፈሰሰም። እጅ ሳይታጠብ እንጀራ የቆረሰ አልነበረም።

መፋቂያው ብርጭቆ ወረቀት ነው። በጀርባው ቁጥር ተጽፏል። ቁጥሩ ሲያንስ ሸካራ፣ ሲበዛ ልስልስ ነው። አንድ ወጣት አባል ግን ትንሽ ቁጥር ለስላሳ መስሎት 60 ቁጥር ገዝቶ መጣ። እኛም አስቀድመን አልነገርነውም። የግራውን በር እንደ ነብር ጥፍር ቧጠጠው። ከዚያ በኋላ በ120 ጀመርን፣ በ240 ቀጠልን፣ በ400 ጨረስን። የብረት ሽቦ ብሩሽ አልተጠቀምንም፤ ብናኙ አሉሚኒየሙ ላይ ተሰክቶ ይዝጋልና። እርጥብ አመድም አይበጅም፤ ያጠቁረዋል።

ብረትና አሉሚኒየም በሚነካኩበት ቦታ ውሃ ከቆየ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። እዚያ ግራሶ ቀባን። «ብ» በተጻፈበት ዝገቱን ብቻ አንሥተን ፀረ ዝገት ቀለም ቀባንበት። አንድ ትንሽ ጣሳ በቃ።

መኪናችሁ ሁለንተናው ብረት ቢሆንስ? ተልባ ዘይት በስሱ መቀባት ይቻላል፤ እየደረቀ ቆዳ ያበጃል። ለማጭድና ለመጥረቢያ ደኅና ነው። ለመኪና ግን ክረምቱን ሙሉ እየደጋገሙ መቀባት ያስፈልጋል። ቫርኒሽ ቢቀባበትም ዝገቱ ከሥር እንደ ትል እየሄደ ይገባል። ብረት ከሆነ ቀለሙን ተዉለት እንላለን፤ የተላጠውን ብቻ ጠግኑ። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ደግሞ ከምራችሁ አታስቀምጡ። ራሱ ሞቆ በእሳት ሊያያዝ ይችላል። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት።

የማኅበሩ መኪና አሁን ግራጫ ነው። ሽማግሌው «እንደ መስታወት አልሆነም» ብለው ትንሽ ቅር አላቸው። ኮፈኑን ሆን ብለን ሳናወለውል ተውነው። ቢያበራ ፀሐይ እያንጸባረቀ የሾፌሩን ዓይን ይወጋል። የ60 ቁጥሩ ጭረትም በግራው በር ላይ እስካሁን አለ።