የሚጸልይ ሰው አያስብምን?

ስለ ኢትዮጵያ ፍልስፍና ወግ በተነሣ ቁጥር የሚጠራው ስም አንድ ነው፤ የሐተታው ዘርዐ ያዕቆብ። ወዲያው ክርክሩ ይጦፋል። አንደኛው ወገን መጽሐፉን የጻፈው የ17ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። ሌላኛው ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. ያነሣውን ክስ ይዞ፣ ደራሲው ጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው ይላል። ማን እንደሚረታ ጊዜ ይፍታው። እኔን የሚገርመኝ ሁለቱም ሳይመካከሩ የተስማሙበት ነገር ነው፤ ሐተታን ከተነጠቅን ባዶ እጃችንን ቀረን ማለታቸው።

ለመሆኑ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫን ማን ወሰደብን?

ይህ መነኩሴ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ15ኛው መባቻ የኖረ፣ በሐይቅ እስጢፋኖስ የተማረ ሊቅ ነው። በ1424 እ.ኤ.አ. ገደማ የፈጸመው «መጽሐፈ ምሥጢር» ከአርዮስ፣ ከሰባልዮስ፣ ከንስጥሮስና ከሌሎችም ጋር የገጠመው ሙግት ነው። ባላንጣውን በስሙ ይጠራዋል፤ የሚለውን ያቀርባል፤ ከዚያ መልሱን ይደረድራል። አንድ አምላክ ካልን ሦስትነቱ የስም ብቻ ነውን? ሦስት ካልን አንድነቱ በምን ይጸናል? አካል ምንድን ነው? ባሕርይስ? ስምና ህላዌ፣ አንድነትና ሦስትነት እንዴት ይስማማሉ ብሎ መመርመር ፍልስፍና ካልተባለ፣ ፍልስፍና የምንለው ምኑን ነው?

«እሱ እኮ መነኩሴ ነው፤ የጻፈውም ለቤተ ክርስቲያን ነው» ይሉኛል። እውነት ነው። መጽሐፈ ምሥጢር በየበዓላቱ እንዲነበብ የተሰናዳ ነው። ይኸው ሰው የደረሰውን ሰዓታትም ካህናቱ ዛሬም በሌሊት ይቆሙታል።

እስቲ ይህንኑ ሚዛን ለሌላውም እናንሣው። አንሰልም የ11ኛው ክፍለ ዘመን መነኩሴ ነበር። በኖርማንዲ በቤክ ገዳም ሳለ፣ በ1077 እና በ1078 እ.ኤ.አ. «ፕሮስሎጊዮን» የተባለውን መጽሐፉን ሲጽፍ፣ ከሞላ ጎደል ፈጣሪውን «አንተ» እያለ በጸሎት ነው የጻፈው። የእግዚአብሔርን መኖር በአእምሮ ብቻ ለማስረዳት ያቀረበው ዝነኛ ክርክር የሚገኘው በዚሁ ጸሎት ውስጥ ነው። ካንትን የሚያህል ፈላስፋ እንዲህ ያለውን ማስረጃ ለማፍረስ ደክሟል። «ጸሎት ነውና አይመለከተኝም» ብሎ አላለፈውም። ታዲያ ለቤኩ መነኩሴ የተፈቀደው ለጋስጫው የሚከለከለው በየትኛው ሕግ ነው?

«አባ ጊዮርጊስ መጻሕፍትን አይጠራጠርም» የሚል ይኖር ይሆናል። አንሰልምም አይጠራጠርም። ሁለቱም አምነው ተነሡ፤ ያመኑትን ደግሞ አገላብጠው መረመሩ። የሚጸልይ ሁሉ ማሰብ አቁሟል ብሎ የሚፈርድ ሰው፣ ራሱ ሳያስብ ፈርዷል።

ወቀሳዬ ለምሁራኑ ብቻ አይደለም። አባ ጊዮርጊስን እንወዳለን ከሚሉትም ስንቱ ነው ስሙን የሚያነሣው ጠያቂን ዝም ለማሰኘት! «አባቶቻችን ጨርሰውታል፤ አንተ ምን ቤት ነህ?» ይሉታል። እኒያ አባት ግን በሃይማኖት ክርክር ሰበብ ተከሰው መታሰራቸውን ገድላቸው ይነግረናል። የሙግት መጽሐፍ ጽፎ ያለፈን ሰው የዝምታ ዘበኛ ማድረግ ውለታ ቢስነት ነው። መጽሐፉን ተሳልሞ መልሶ ማስቀመጥም አንባቢነት አይደለም። በአማርኛ ተተርጉሞ ታትሟልና «ግእዝ አላውቅም» ሰበብ አይሆንም።

የፍልስፍና መምህራን መጽሐፈ ምሥጢርን ወደ ክፍል ያስገቡት። ተማሪው የሰባልዮስን ጥያቄ ይዞ ይነሣ፤ አባ ጊዮርጊስ የት ላይ እንደበረታ፣ የት ላይ እንደሳሳ በድፍረት ይናገር። ዲያቆኑም ሰዓታቱን ሲቆም፣ የሚያዜመው ቃል ከስንት ሙግት ጋር እንደኖረ ይወቅ።

የሐተታው ባለቤት እስኪለይ እጃችንን አጣጥፈን የምንቀመጥበት ምክንያት የለም። ባለቤቱ የታወቀ መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ አለ።